የዴንማርክ ዘመድ

የጋሼ እንድሪስ ሞት ኬሚሴ የደረሰ ዕለት ከተማው ሳቀ።

እንዲህ ብዬ ስጀምር የሰው ክፋት ላወራ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወሩ ነሐሴ ነው። ከባቲ የእህታቸው ጎረቤት ደውላ ማረፋቸውን፣ እዚያው መቀበራቸውንም ነገረችኝ። ጋሼ እንድሪስ ኬሚሴ ላይ የሥጋ ዘመድ የላቸውም፤ ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል፣ አላህም ልጅ አልሰጣቸውም። ሰው ዕድሜውን በኖረበት ከተማ ለቅሶ የሚቀመጥለት ማጣቱ ደግሞ በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነን፣ ከተዘጋ ወዲህ አቧራ በጠጣው የልብስ ስፌት ሱቃቸው ደጃፍ ሰሌን አንጥፈን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ያየን የባጃጅ ሾፌሩ ከድር ነው። ሰሌኑን ሲያይ ጡሩምባውን እየደጋገመ ነፋ። ባጃጁን አቁሞ ወረደ፤ ፊቱን የውሸት አጨፍግጎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ወንድሜ! ዛሬ ደግሞ ማን ጣላቸው?»

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ከኋላው ሳቁ። ማዶ ሻይ ቤት ያሉት ጎረምሶች «ዴንማርክ ወደቀ!» ብለው ተቀባበሉት።

«ከድር» አልኩት፤ «ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ባቲ ላይ ሞተዋል።»

እጁ እጄ ውስጥ ቀረ። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቀስ ብሎ «ኢናሊላሂ…» አለና ጫማውን አውልቆ ከጎኔ ተቀመጠ። እስከ መግሪብ ድረስ ለቅሶ የደረሰው ሰው አብዛኛው እንደ እሱ ነው፤ እየሳቀ ይመጣል፣ ይነገረዋል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ ከብዶት የሰሌኑን ጠርዝ ሲቆነጥር ዋለ። ለምን እንደሳቁ እንዲገባችሁ ግን ሰውየውን ከነኳሳቸው ማስተዋወቅ አለብኝ።

ጋሼ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው። ግድንግድ ሰው ስለነበሩ የስፌት መኪናዋ ከፊታቸው ስትታይ የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ያወራሉ፤ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ይስቃሉ፤ አንድም ቀን ሲወጋቸው አላየሁም። ከተማው ግን በስፌታቸው አልነበረም የሚያውቃቸው። «እንድሪስ ልብስ ሰፊው» ብትሉ የእኛ ሰው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። «እንድሪስ ዴንማርክ» ካላችሁ ሕፃን ልጅም እጃችሁን ይዞ ደጃቸው ያደርሳችኋል።

ነገሩ የጀመረው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው በሁሴን የኳስ ማሳያ ቤት ነው። እዚያ ቤት የእንግሊዝ ክለብ የሌለው ሰው የለም፤ አባትና ልጅ በእንግሊዝ ክለብ ይኳረፋሉ። አንድ ምሽት ጋሼ እንድሪስ ዝናብ አባሯቸው ገቡ። ኳስ የሚያዩ ሰው አልነበሩም። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ክለብ አንዱን የዴንማርክ ክለብ እያደባየው ነበር፤ የዴንማርኩ ስም ለአፋችን ስላልተመቸ ያኔም ዛሬም «ዴንማርክ» ነው የምንለው። ጎል በገባ ቁጥር ቤቱ ይናጋል። እሳቸው ልብሳቸውን እየጨመቁ ጥቂት አዩና ጠየቁ።

«ለእነዚያ ነጭ ለለበሱት ማን አለላቸው?»

«ማንም የለም ጋሼ» አለ ሁሴን።

«ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም?»

«አንድም።»

«አታፍሩም እንዴ!» አሉ። «ኬሱማ እኮ ነው! ከአገሩ ወጥቶ የመጣ እንግዳ፣ ኬሚሴ ገብቶ አንድ የሚቆምለት ይጣ? በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናቸው።»

ተነሥተው ብቻቸውን አንድ አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዘመድ የሌለው መንገደኛ ከተማችን ላይ ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ከመካከላችን አንዱ «የእኔ ነው» ብሎ ይነሣለታል፤ ያ ሰው ከዚያ በኋላ ለቅሶውንም ደስታውንም ይቀበላል፣ አልፈልግም ብሎ መመለስ የለም። ጋሼ እንድሪስ ይህንኑ ሥርዓት ነው ለአሥራ አንድ ኳስ ተጫዋች ያዋሉት።

ከዚያ በኋላ የዴንማርኩን የአውሮፓ ታሪክ ኬሚሴ የተማረችው ከእሳቸው አፍ ነው። ልጆቹ ከስልካቸው ያነበቡላቸውን ይሰሙና የጎደለውን ከራሳቸው ይሞላሉ፤ እንደ ዘር ሐረግ ነበር የሚቆጥሩት። በጥንቱ ጊዜ፣ ይሉናል፣ ዴንማርኮች ለኳስ ደሞዝ አይከፈላቸውም ነበር። ቀን ሥጋ ሲሸጥ፣ ልጅ ሲያስተምር የዋለ ሰው ማታ ወጥቶ ከስፔን ሻምፒዮን ጋር ይጋጠማል። «ታዲያ ቢሸነፍ ይፈረድበታል?» ከዚያ ሁለት ያረጁ ክለቦች፣ ድሮ ሲጣሉ የኖሩ፣ ተጋቡ። የእኛ ክለብ የዚያ ጋብቻ ልጅ ነው። ልጁ ብዙ ዓመት የአውሮፓን ትልቅ ዋንጫ ደጅ ያንኳኳል፣ በማጣሪያ ይመልሱታል። በኋላ ገባ። በሜዳው ስንቱን ትልቅ ክለብ አስጨነቀ! ከሜዳው ሲወጣ ግን እጁ ይታሰራል። «ለምን?» ስንላቸው «ሰው ቤት ነዋ! ሰው ቤት ገብቶ እንደ ልቡ የሚሆን ባለጌ ነው» ይሉናል። ደርሶ መልስ የሚባለውን ጨዋታም የሚያስረዱት በአማች ነው፤ አንዴ እነሱ ቤት አንዴ እኛ ቤት፣ መጀመሪያ ያፈረ በሁለተኛው ይካሳል። ካዛክስታን ሄደው እንደሚጫወቱ የሰሙ ዕለት «ከባቲ ጅቡቲ የሚያህል ይርቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እጥፍ ድርብ ነው ብላቸው ለተጫዋቾቹ ስንቅ አሰቡላቸው።

ዴንማርክ ደግሞ መሸነፉ አይቀርም። የእኛ ክረምት የእነሱ ማጣሪያ ነው፤ አንዳንዴ ገና ሐምሌ ላይ ይወድቃሉ፣ አንዳንዴ ምድብ ገብተው ኅዳር ላይ። በመጀመሪያው ዓመት ጎረምሶቹ ሊያበሽቋቸው፣ የቅሬ ሰው መስለው በሰልፍ ሱቃቸው ሄዱ፤ ቅሬ እኛ ጋ ቀብርና ለቅሶ የሚያስተባብረው ማኅበር ነው። «አላህ ያጽናዎት ጋሼ!» አሏቸው። ይቆጣሉ ሲባል ሰሌን አመጡ፣ ራሳቸው አነጠፉት፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተቀመጡ። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ። ወድቆብኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። ዴንማርክ ከአውሮፓ በተሰናበተ ማግሥት ሰሌኑ ይነጠፋል፣ ከተማው እየሳቀ ለቅሶ ይደርሳል። እሳቸውም ጎሉ እንዴት እንደገባ፣ በረኛው ምን እንደነካው፣ የሟችን የመጨረሻ ሰዓት እንደሚተርክ ሰው ይተርካሉ።

ሼሁ አንድ ጊዜ ሊገሥጿቸው መጡ። «እንድሪስ፣ በለቅሶ አይቀለድም።»

«ሼሁ» አሏቸው፣ መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው፤ «እኔ አልቀለድኩም። እኔስ ወደቅሁ ብዬ ደጅ ተቀምጫለሁ። የሚቀልደውስ ወድቆ ቤቱን የሚዘጋው ነው።»

ልክ ነበሩ። የእንግሊዝ ክለቦች ደጋፊዎች በተሸነፉ ማግሥት ስልክ ያጠፋሉ፣ በጓሮ መንገድ ይሄዳሉ። ከእነዚያ አንዱ እኔ ነበርኩ። የኳሱስ ይሁን፤ እኔ በሌላውም ነገር እንደዚያው ነኝ። ነገር ሲበላሽብኝ ከሰው ፊት እሸሻለሁ፣ አመሌ ነው።

ከሳውዲ የተመለስኩ ጊዜ ይህ አመሌ ሊገድለኝ ነበር። እናቴ በሬዎቿን ሸጣ የላከችኝ ልጅ፣ በጠረፍ ተይዤ፣ ታስሬ፣ ከብዙ ሰው ጋር በአውሮፕላን ተጭኜ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥዬ ኬሚሴ ገባሁ። ገብቼም አልወጣሁ። ሰው ሲመጣ «ተኝቷል በያቸው» እላታለሁ። ውጭ የሰው ድምፅ ስሰማ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። እናቴ ምግብ አቅርባ ፊቴን ሳታይ ትወጣ ነበር፤ እሷም እንዳላፍር ብላ ነው።

አንድ ጠዋት ጋሼ እንድሪስ ሰሌን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መጡ። እናቴ «ተኝቷል» ስትላቸው «ይተኛ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አሉና ደጃችን ላይ አነጠፉ። ምን ሆነው ነው ብዬ ብቅ አልኩ።

«ነጋ ጅርታ? ደህና ነህ?» አሉኝ። «ና ተቀመጥ። ለለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ሳውዲ ላይ ተሸንፈህ መጣህ አሉ።»

እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ «እንኳን በሰላም መጣህ» ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት ያደርጋል።

«አዎ» አልኳቸው። «ተሸንፌ መጣሁ።»

«ማሻአላህ፣ ወጣልህ። እንግዲህ ደርሶ መልስ ነው፤ የሜዳህ ጨዋታ ይቀርሃል።»

ተቀመጥኩ። አላፊ አግዳሚው ሰሌኑን እያየ መጣ። ጋሼ እንድሪስ ለሁሉም «ይህ ልጅ ሳውዲ ጥሎታል፣ አጽናኑት» ይላሉ። ሰው ሳቀብኝ፣ እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስት ሰው ስለ ሥራ አናገረኝ። ዛሬ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ፤ ከዚያ ሰሌን ላይ የተነሣ ነው። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ዓይናቸው መድከሙን መቼ እንዳወቅሁ በትክክል አላስታውስም። ሁሴን ቤት እኛ ከሳቅን በኋላ መሳቅ ጀመሩ። «ማን ያዘው? ማን ያዘው?» ማለት አበዙ። ስክሪኑ አጠገብ ተቀምጠው እንኳ ኳሱን የሚከተሉት በጆሯቸው ነበር። መርፌ ክር የሚያስገባላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ይህ ግን በዕድሜ የሚመጣ ነው ብለን አለፍነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው «ብርድ ነው የመታው» ብለው ወሬ ያስለውጡኛል። ሱቃቸውን ግን አልዘጉም። ስፌት ምግባቸው ብቻ አልነበረም፤ ከኳሱ ሳቅ በታች ያለው ክብራቸው እሱ ነበር። ዒድ ሲመጣ የከተማው ወንድ ጀለቢያውን ለእሳቸው ነው የሚሰጥ።

በዚያ ዓመት ዒድ የእኔ ጀለቢያ አንዱ እጅጌው ረዝሞ፣ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ መጣ። መልሼ ብወስደው ሊሰማቸው ነው። ዝም አልኩና ማንም እንዳያየኝ ጨፋ ሮቢት ድረስ ወስጄ ለሌላ ልብስ ሰፊ ሰጠሁት፤ ፈትቶ እንደ አዲስ ሰፋው። ዒድ ሶላት ላይ ስንገናኝ «እንዴት ሆነልህ?» አሉኝ። «ልክክ ብሎልኛል ጋሼ» አልኳቸው። ያወቅሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ምስጢራቸውን በመጠበቄ ትንሽም ኮርቻለሁ።

በዚያው ዓመት ዴንማርክ ምድብ ገባ። ገብቶም በሜዳው፣ ኬሚሴ ላይ ከሁሉ ብዙ ደጋፊ ያለውን የእንግሊዝ ክለብ በመጨረሻው ደቂቃ አሸነፈ። ጋሼ እንድሪስ ያን ምሽት ሁሴን ቤት አልነበሩም። እኛ ግን እንደ እብድ ሆንን፤ የተሸነፉት የእንግሊዞቹ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ከእኛ እኩል ጨፈሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ደስታ ሊደርሷቸው ጓጉ።

ችግሩ፣ ለሽንፈቱ ሥርዓት ነበረን፤ ለድሉ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አያውቅም። ተመካከርንና እንደ ዒድ እናድርገው ተባለ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከተማው በነጭ ልብሱ፣ በምርጥ ጀለቢያው ሱቃቸው ደጅ ተሰለፈ። ባጃጆች ጮኹ። እሳቸው በር ላይ ቆሙ፣ ሰው እየመጣ «እንኳን ደስ አለዎት!» እያለ አቀፋቸው። ሁሴን አቀፋቸው፣ ከድር አቀፋቸው፣ ሼሁም እየሳቁ አቀፏቸው።

መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ከሁላችንም በላይ ነበር። ቆይቶ ሳቃቸው ቀጠነ። ያቀፉትን ሰው ቶሎ መልቀቅ ተዉ፤ እጃቸው ትከሻው ላይ ይቆያል፣ ሌላው ይመጣል፣ እሱም ላይ ይቆያል። ወደ መጨረሻው ገደማ ጭራሽ ዝም አሉ። ተራዬ ሳይደርስ «ደክሞኛል ልጆቼ» ብለው ገብተው በሩን ዘጉ። «ደስታው ነው» ተባለ፤ ሰዉም ድጋሚውን ሊያይ ወደ ሁሴን ቤት ነጎደ።

በማግሥቱ ሱቁ አልተከፈተም። በሦስተኛውም አልተከፈተ። ዴንማርክ በወደቀ ቁጥር ደጅ የሚውሉት ሰው ባሸነፈ ጊዜ ጠፉ። እሳቸው ለእኔ እንዳደረጉት ላደርግላቸው ብዬ ከሱቁ ጋር ወደተያያዘው ቤታቸው ሄድኩ። ለክብራቸውም የዒዱን ጀለቢያ ለብሼ ሄድኩ።

የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሰዋት፣ አጠገቧ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ዴንማርክ አሸንፎ ቤት ይዋላል እንዴ?»

በድምፄ ለዩኝ። «ተቀመጥ» አሉ። ስቀመጥ «ያን ዕለት ስንት ሰው ነው ያቀፈኝ?» አሉኝ።

«ከተማው በሙሉ ነዋ!»

«ጨርቁ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ በእጄ አውቀዋለሁ። ስፌቱ ግን የእኔ አይደለም። የሁሴን አይደለም። የከድር አይደለም። ሁሉም አስፈትተው ሌላ ሰው ዘንድ አሰፍተውታል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሼሁም።»

«ሼሁም?» አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«ሼሁም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሁላችንም ለየብቻችን እናውቅ ነበር። ሁላችንም ለየብቻችን፣ ማንም እንዳያየን፣ ልብሳችንን በፌስታል ይዘን ሌላ ከተማ ሄደናል።

«ጋሼ፣ ሰው ሊያሳፍርዎት አልፈለገም።»

«አውቃለሁ። ነውሬን ሸፍናችሁልኛል፣ አጅሩን አላህ ይክፈላችሁ።» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ግን ልጄ፣ ለኳሱ ጊዜ ከነልጆቻችሁ ትመጡ አልነበር? ለሰው አገር ኳስ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላችሁ ስትስቁብኝ ትውሉ አልነበር? የእኔው የራሴ ውድቀት ሲሆን አንድ ሰው ይጥፋ? መጥቶ ‹እንድሪስ፣ ዘንድሮስ ወደቅህ› የሚለኝ አንድ ሰው?»

የጀለቢያዬን እጅጌ በጉልበቶቼ መካከል ደበቅሁ።

«ለተሸነፈ ሰው መውጫ አውቅለታለሁ» አሉ። «ለታዘነለት ግን አላውቅም። ባቲ እህቴ አለች፤ እዚያ ምን እንደነበርኩ የሚያውቅ የለም።»

ለመንኳቸው። ዓይን የሚታከምበት ቦታ አለ አልኳቸው፣ ሱቁን አብረን እንይዘዋለን አልኳቸው፣ ያልኩት ሁሉ ገና ከአፌ ሲወጣ የሐዘኔታ ቃል ሆኖ ይሰማኛል። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ሊሰናበቱኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልሸሽ አሰብኩ፣ ግን የት እሸሻለሁ። እጃቸው ትከሻዬን አገኘው። አውራ ጣታቸው ከአንገቴ ሥር ተነሥቶ በስፌቱ ላይ እስከ እጅጌው ድረስ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ማን ነው የሰፋው?»

«ጨፋ ሮቢት ያለ አንድ ልጅ ነው ጋሼ።»

አውራ ጣታቸውን መልሰው ወደ ላይ አመጡት።

«እጁ ጥሩ ነው» አሉ።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ እሳቸው እንደማያዩኝ እያወቅሁ እንኳ።